ከ«ሲስተም የለም» ጀርባ፦ ኔትወርክ ለምትጀምሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ባንክ ተሰልፋችሁ ተራችሁ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ የተመለሳችሁበት ቀን አይጠፋም። እኔ ያረጀሁት ከመስኮቱ ወዲያ ነው፤ ያንን ቃል በሰማሁ ቁጥር ወደ ሰርቨር ክፍል ስሮጥ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። የተነቀለ ገመድ፣ የተቃጠለ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ ሳጥን)፣ የተሳሳተ አይፒ (የኮምፒውተር የኔትወርክ አድራሻ)፣ የተቆረጠ ፋይበር፣ ሁሉም ከመስኮቱ ወዲህ ስማቸው አንድ ነው። የሙያችን መሠረት ያንን አንድ ቃል መበተን መቻል ነው።

ብዙዎቻችሁ የራውተር (ኔትወርክን ከኔትወርክ የሚያገናኝ መሣሪያ) ትዕዛዝ ከቪዲዮ እየቀዳችሁ ስትሸመድዱ አያለሁ። ትዕዛዙ ይሠራል። ያልሠራ ዕለት ግን የምትጨብጡት ይጠፋችኋል፤ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ ለምን እንደሠራ አላወቃችሁም። እባካችሁ ከገመዱ ጀምሩ።

ካት 5ኢ የተባለውን የኔትወርክ ኬብል ግዙና ላጡት። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ታገኛላችሁ። ጥምዝምዙን ከሚያስፈልገው በላይ አትፍቱ፤ አንዱ ጥንድ የሌላውን ምልክት እንዳይረብሽ የሚጠብቀው እሱ ነው። ቀለሙን ደርድሩ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ጫፉን እኩል ቁረጡና ኮኔክተሩ ውስጥ አስገቡ፤ ክሪምፐሩን (ኮኔክተሩን ከሽቦው ጋር የሚጨምቀውን መቆንጠጫ) ከመጫናችሁ በፊት ስምንቱም የመዳብ ጫፎች ከፊት ለፊት መታየታቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

በአንድ መሥሪያ ቤት የፋይል ሰርቨሩ ተንቀራፈፈ ተብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ስዊችና ሰርቨር ስመረምር ቆየሁ። በመጨረሻ የተገኘው ጫፍ ያልደረሰ አንድ ሰማያዊ ሽቦ ነበር። 100 ሜጋቢት የብርቱካናማውና የአረንጓዴው ጥንድ ብቻ ይበቃዋል፤ 1 ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ስዊቹ ጊጋቢቱን ሞክሮ ሲያቅተው በራሱ ወደ 100 ወርዶ ነበር። መብራቱ ይበራል፣ ፒንግ («አለህ?» የሚል የሙከራ ጥሪ) ይመልሳል፣ ሥራው ግን በአንድ አሥረኛ ፍጥነት ይሄዳል። የፖርቱን ፍጥነት በመጀመሪያው ሰዓት አይቼ ቢሆን ሁለቱ ቀናት ባልባከኑ።

ቀጥሎ አድራሻ። ሰብኔት ማስክን ብዙ ሰው እንደ ሒሳብ ፈተና ይፈራዋል። ኮምፒውተሩ ግን በማስክ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ይህ አድራሻ የሰፈሬ ነው ወይስ የሌላ ሰፈር?» የሰፈሩ ከሆነ በቀጥታ ይጠራዋል፤ ካልሆነ ለጌትዌይ (ወደ ሌላ ሰፈር ለሚያወጣው ራውተር) ያስረክባል። 192.168.10.0ን በ26 ቢት ማስክ (ከአድራሻው 32 ቢት 26ቱ የሰፈሩ መለያ በሆነበት) ብትከፍሉ እያንዳንዱ ሰፈር 62 መሣሪያ ይይዛል። የአድራሻው የመጨረሻ ቁጥር 20 የሆነ ፕሪንተርና 70 የሆነ ኮምፒውተር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡም ሰፈራቸው ሁለት ነው፤ ያለ ራውተር አይገናኙም። ይህን በወረቀትና በእርሳስ ደጋግማችሁ ሥሩት።

አሁን «ሲስተም የለም» ሲባል የፖርቱን መብራት እዩ። ከበራ የኮምፒውተሩን አድራሻ ተመልከቱ፤ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ሰርቨር አልመለሰለትም ማለት ነው። አድራሻው ደህና ከሆነ ጌትዌዩን ፒንግ አድርጉ፤ ከዚያ ከጌትዌዩ ባሻገር ያለ ቁጥር። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልከፈተ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ ጋ ሂዱ። ደረጃ አትዝለሉ፤ አለቃችሁ ከኋላ ቆሞ ቢያጣድፋችሁም።

ከወረዳ ቢሮዎች ጋር በሳተላይት በምንገናኝበት ዘመን ፒንጉ ከ500 ሚሊሰከንድ አይወርድም ነበር። ኃላፊዎቹ ባንድዊድዝ (በአንዴ የሚያልፈው የመረጃ መጠን) ይጨመር ይሉ ነበር። ሳተላይቱ ያለው 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም እንዲሁ። ብርሃን ራሱ ይህን መንገድ ለመጨረስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። የቱንም ያህል ባንድዊድዝ ቢገዛ መንገዱ አያጥርም። መሠረቱን ያወቀ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለኃላፊ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረድቶ የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ ያድናል።

ኮንፊገሬሽን ላይ አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። ሲስኮ ስዊች ላይ የጻፋችሁት ወዲያው ይሠራል፤ ሴቭ እስክታደርጉት ድረስ ግን ያለው መብራት ሲሄድ በሚጠፋው ራም ላይ ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ የሚለያዩ ኔትወርኮች) ስከፋፍል አድሬ፣ ሁሉም ሲሠራ ደስ ብሎኝ ሳላስቀምጥ ወጣሁ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ መጠባበቂያ ባትሪው ዩፒኤስም አልያዘም። መብራት ሲመለስ ስዊቹ የተነሣው በድሮው ኮንፊገሬሽን ነበር፤ ሦስት ክፍል ሠራተኛ እስከ ከሰዓት ድረስ ያለ ሥራ ተቀመጠ። ስለዚህ ሴቭ አድርጉ፤ አንድ ቅጂም ቀን ጽፋችሁበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ።

ስዊች መግዣ የለንም ለምትሉ ፓኬት ትሬሰርም (ኔትወርክን በኮምፒውተር ላይ መለማመጃ) ዋየርሻርክም (በኔትወርኩ የሚያልፈውን ማሳያ) በነፃ ይገኛሉ። ዛሬ ማታ ዋየርሻርክን ክፈቱ፣ ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩ፣ ከዚያ ጌትዌያችሁን ፒንግ አድርጉ። ከፒንጉ ቀደም ብሎ ኮምፒውተራችሁ ለሰፈሩ ሁሉ «192.168.1.1 (ወይም የእናንተ ጌትዌይ ቁጥር) ማን ነው?» ብሎ ሲጣራ፣ ራውተሩም «እኔ ነኝ» ብሎ የማክ አድራሻውን (የመሣሪያውን መለያ ቁጥር) ሲሰጠው፣ ሁለት መስመር ሆኖ ታዩታላችሁ።