ላብራዱድል ለአለርጂ መፍትሔ ይሆናልን?

ጥያቄ፦ ልጄ የውሻ አለርጂ አለበት። የላብራዶርና የፑድል ድቅል የሆነው ላብራዱድል ፀጉሩ ስለማይረግፍ አለርጂ እንደማይቀሰቅስ፣ ድቅል በመሆኑም ከንጹሕ ዝርያ ውሾች የተሻለ ጤና እንዳለው አንድ ሻጭ ነግሮኛል። ቡችላ ብገዛ የሚያሰጋኝ ነገር አለ?

መልስ፦ አዎን፣ አለ። አለርጂን የሚቀሰቅሰው ፀጉሩ ራሱ ሳይሆን በውሻው ምራቅ፣ በሽንቱና ከቆዳው በሚረግፈው ቅርፊት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ስለሆነ፣ ፀጉሩ የማይረግፍ ውሻም ይህንኑ ፕሮቲን ያመነጫል። አውስትራሊያዊው ዋሊ ኮንሮን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ባለቤቷ አለርጂ ላለበት አንዲት ዐይነ ስውር ሴት መሪ ውሻ ለማግኘት ሁለቱን ዝርያዎች ሲያዳቅሉ ከተወለዱት ሦስት ቡችሎች ለሰውየው የተስማማው አንዱ ብቻ ነበር። እኒሁ ሰው፣ ጤናን ከቁም ነገር የማይቆጥሩ አርቢዎች ሥራውን ሲቀራመቱት በማየታቸው፣ በመጀመራቸው መጸጸታቸውን እ.ኤ.አ. በ2019 በይፋ ተናግረዋል።

የንጹሕ ዝርያ ዋነኛ ጥቅም ቡችላው አድጎ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ መገመት መቻሉ ነው። ድቅሎች እርስ በርስ ሲራቡ ግን መጠን፣ ጠባይና ፀጉር ከአንድ እናት በተወለዱ ቡችሎች መካከል እንኳ በእጅጉ ይለያያሉ። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የፀጉሩ ነገር ነው፤ የላብራዶሩ የሚረግፍ የውስጥ ፀጉር በፑድሉ ጥቅል ፀጉር ተይዞ ሲቀርና እስከ ሥሩ ድረስ አዘውትሮ ሳይበጠር ሲቆይ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ይቋጠራል፣ እንስሳውን በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየጎተተ ያሳምመዋል፣ ከሥሩ ያለውንም ቁስል ይሸፍናል።

ማዳቀል ከጤና አንጻር የሚጠቅመው ጉድለቱ በአንደኛው ዝርያ ብቻ ሲገኝ ነው። ላብራዶርና ፑድል ግን የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርንም፣ ቀስ በቀስ የሚያሳውረውን የሬቲና በሽታም ይጋራሉ። የሬቲናውን በሽታ የሚያስከትለውን ጉድለት ያለበት ዘረመል ሁለቱም ወላጆች ከያዙ፣ ራሳቸው ጤነኛ ቢሆኑም እንኳ እያንዳንዱ ቡችላ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው።

ስለዚህ የሁለቱንም ወላጆች የዳሌ ራጅና የዐይን በሽታ የዘረመል ምርመራ ውጤት ይጠይቁ፤ ሻጩ የማያሳይዎት ከሆነ አይግዙ። ልጅዎም ከመወሰንዎ በፊት ከዚያው ውሻ ጋር በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ ይቆይ። የቡችላ ፀጉር ሲያድግ ስለሚለወጥ፣ ለልጅዎ ያደገ ውሻ መምረጡ የተሻለ ይመስለኛል።