ያለ መኪና ከፍሎረንስ ወደ ጸጥተኛ የወይን መንደር

ሰላም! ፍሎረንስ ሦስት ቀን ትቆያለህ፣ መኪና የለህም፣ ግርግር የሌለበት የወይን አገር መንደር አንድ ቀን ማየት ትፈልጋለህ። እኔን ከጠየቅከኝ ሞንቴፊዮራሌ የምትባል መንደር ሂድ።

ከሥሯ እስካለችው ትንሽ ከተማ፣ እስከ ግሬቬ ኢን ኪያንቲ፣ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በእግር ትወጣለህ፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅብህ ነው፣ ግን ዳገቱ ቀልድ አይደለም፣ ደህና ጫማ አድርግ። መንደሯ ትንሽዬ ናት። ዙሪያዋን በድንጋይ የታጠረች፣ አንዲት ጠባብ መንገድ አዙራ አዙራ የተነሳህበት የምትመልስህ፣ በየደጁ አበባ የተደረደረባት፣ ከሥሯ ደግሞ ወይንና ወይራ እስከ ዓይን ጥግ የተዘረጋላት ቦታ ናት። እውነት ለመናገር ልብ ታሳርፋለች። ቸኩለህ አትውረድ።

ወይን ስትገዛ ጠርሙሱ ላይ ጥቁሩን አውራ ዶሮ ፈልግ። ኪያንቲ ክላሲኮ የሚባለው የዚሁ አካባቢ ቀይ ወይን ምልክት ነው፤ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ ከሚባለው የወይን ዘር መሆን አለበት። ከቻልክ ቅዳሜ ሂድ፣ ጠዋት ግሬቬ አደባባይ ላይ ገበያ ስላለ ዳቦና አይብ ይዘህ ትወጣለህ። እሁድ አውቶቡሱ ይቀንሳል። የመመለሻውን ሰዓት ዳገቱን ሳትጀምር እይ።