ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቢጫው መብራት አልጠፋም፦ ጥያቄና መልስ

ኮምቦልቻ ውስጥ የናፍጣ ሞተር መካኒክ ነኝ። ስለ ጭነት መኪና የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጣው ውስጥ ብዙ ሰው የሚጋራውን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የምነዳው አይሱዙ ኤንፒአር ነው። ጠዋት ደሴ ላይ ሳስነሳው ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) አይዝም፣ ይንቀጠቀጣል። ከኮምቦልቻ ስመለስ ሀረጎ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። የሞተር ምልክቷ በቢጫ በርታለች። አንድ መካኒክ "አራቱንም ኖዝል ቀይር" አለኝ። ልግዛ?

መልስ፦ ኧረ ቆይ ወንድሜ! ሳይለካ ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ዕቃ) አይገዛም። መጀመሪያ አንድ ነገር አስታውስ፦ ችግሩ የጀመረው ነዳጅ ከቀዳህ በኋላ ነው? ማደያ ላይ ሰልፍ ሲበዛ በጀሪካን የሚሸጠውን የማይገዛ የለም። እሱ ውሃም ነጭ ጋዝም ሊኖረው ይችላል። ነጭ ጋዝ ደግሞ ማለስለሱ ደካማ ስለሆነ የነዳጅ ፖምፓና ኖዝል ይበላል።

ሞተሩን አጥፋ። ከነዳጅ ፊልትሮው (ማጣሪያው) ሥር ያለውን ማፍሰሻ አላላና በንጹህ የሃይላንድ ጠርሙስ ቅዳ። ግማሽ ሰዓት ሳትነካው አስቀምጠው። ውሃ ካለ ከታች ይተኛል፣ መስመሩ በዓይን ይታያል። ውሃ ከታየ ጥፋተኛው ነዳጁ ነው፤ ከሌለ ፊልትሮውን ቀይር። የተዘጋ ፊልትሮ ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ዳገት ላይ ነው የሚያጋልጥህ።

የጠዋቱ ነገር ለብቻው ይታይ። ሌሊቱን ቆሞ፣ በእጅ ፖምፓ ካልገፋኸው አልነሳም የሚል ከሆነ አየር እየሳበ ነው። ከታንከር እስከ ፊልትሮ ያለውን ቱቦና ማሰሪያ አንድ በአንድ እይ። ብዙ ጊዜ በዚሁ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ላይ ታይቶ ፒ0087 አለ። ፖምፓው ሞቷል ተባልኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ግን ኮዱ እንደዚያ አላለም። ኮዱ ያለው "ሬሉ (ናፍጣውን በግፊት ለኖዝሎቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ውስጥ ያለው ግፊት ከሚፈለገው አንሷል" ብቻ ነው። ያሳነሰው የተዘጋ ፊልትሮ፣ የተጣመመ ቱቦ፣ አየር፣ የሚያፈስ ኖዝል፣ የግፊት መቆጣጠሪያው ወይም ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል። ፖምፓ ውዱ ስለሆነ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ይሁን።

የኖዝሎቹ መመለሻ ቱቦ (ትርፉን ናፍጣ የሚመልሰው) ከውጭ ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ ኖዝል እኩል ርዝመት ያለው ቱቦ ወደየጠርሙሱ አውርድ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ። ከዚያ ጠርሙሶቹን ደርድረህ እይ። ሦስቱ ተመጣጥነው አንዱ እጥፍ ከሞላ፣ ጥፋተኛው እሱ ነው። የምትቀይረው ወይም የምታስጠግነው አንዱን ነው። አራቱም ከመጠን በላይ ከመለሱ ያኔ ስለ አራቱ እናወራለን። መመለሻው ከውስጥ የሆነ ሞተር ላይ ግን የየሲሊንደሩን ሚዛን ከኮምፒውተሩ ማየት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አባቴ የድሮ መኪና ላይ የኖዝል ቱቦ በየተራ እያላላ ደካማውን ሲሊንደር ያገኝ ነበር። በአዲሶቹስ ይሠራል?

መልስ፦ አባትህ ልክ ናቸው። መካኒካል ፖምፓ ያለው ሞተር ላይ ሲላላ ድምፁ የማይለወጥ ሲሊንደር በሽተኛው ነው። ኮመን ሬል (ሬል ያለው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው አዲሱ ዓይነት) ላይ ግን እንዳትሞክራት! ግፊቱ 1,600 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ይመስላል፣ አያምምም ይሆናል። ቢሆንም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው፤ እስከ ነገ ከቆየ እጅ ሊያስቆርጥ ይችላል። ረዳቶቻችሁንም ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ የባትሪ ገመድ ነቅዬ መብራቱን ባጠፋውስ?

መልስ፦ አንዳንዱ ላይ ይጠፋል። ችግሩ አይጠፋም፣ የተመዘገበው መረጃ ግን ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ ኮዱ ይነበብ፣ ወረቀት ላይ ይጻፍ። የዘይት መብራት በቀይ ከበራ ደግሞ ሌላ ወሬ የለም፤ ዳር ይዘህ አጥፋ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከጅቡቲ ጭኜ ስመጣ ሚሌ ላይ ደህና ነው። ባቲን አልፌ ዳገት ስይዝ ጥቁር ጭስ ይለቃል። ከፍታው ነው የሚሉኝ።

መልስ፦ ከፍታው ድርሻ አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ነገር ግን ደህና ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ብዙውን ያካክሳል። አብረውህ የጫኑት ካላጨሱ ከፍታን አትክሰስ። የአየር ፊልትሮውን አይተህ ከቱርቦ እስከ ኢንተርኩለር (የሚገፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ያለውን የጎማ ቱቦ ዳብስ። ማሰሪያው ሥር አቧራ የያዘ ዘይት ከተጋገረ አየር በዚያ ይወጣል። ነዳጅ ስትረግጥ ፉጨት ከሰማህ አበቃ፣ አገኘኸው።

ጥያቄ፦ ሞተሩን ካሳጠብኩ ወዲህ ነው መንቀጥቀጥ የጀመረው።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹ ውሃ ገብቷቸው ይሆናል። እየነቀልክ በአየር አድርቅ፣ አረንጓዴ ዝገት ካለ አጽዳ። ሞተሩ እየሠራ ገመዱን በቀስታ ስታነቃንቅ ድምፁ ከተለወጠ ቦታው እዚያ ነው። ከማራገቢያው ግን እጅህን አርቅ።

ጥያቄ፦ መኪናዋ የኔ ናት፣ ግን አልነዳም። ጋራዥ ስሄድ በዕቃ ብዛት ግራ ይገባኛል። ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ኮዱ ስንት ነው? ምን ተለካ? የተለካው ስንት መጣ? መልሱ "በልምድ አውቀዋለሁ" ብቻ ከሆነ ሌላ ጋራዥ ያሳዩ። ዕቃ ከተቀየረም አሮጌውን ይቀበሉ። ኖዝል ከሆነ ደሴም ኮምቦልቻም መሞከሪያ ማሽን ያለው ሰው ጠይቀው ያስለኩት፤ ደህና ሆኖ ከተገኘ ለክርክሩ ማስረጃ ይዘዋል።