ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ሊጡ ለምን ይላላል? ስለ መስኖ ስንዴ ለቀረበው ጥያቄ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በመካከለኛው አዋሽ በመስኖ ካለማችሁት ስንዴ፣ ዘሩም ማዳበሪያውም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ኅዳር ላይ የተዘራውን ዳቦ ቤቶች ወደውታል። ታኅሣሥ መጨረሻ የተዘራው ግን በምርመራ ፕሮቲኑ በልጦ ተገኝቶ ሊጡ ይላላል፣ ዳቦውም አይነሳም። «የምርመራ ወረቀቱን እንመን ወይስ ጋጋሪውን?» ነው ያልሽው። በዱቄት ፋብሪካ ላብራቶሪ ስንዴ እየተቀበልኩ ለዓመታት ስለሠራሁ እንዲህ ያለ ስንዴ በተደጋጋሚ ይገጥመኛል። ወረቀቱም ጋጋሪውም ትክክል ናቸው።

ነገሩ የሚወሰነው ስንዴው አብቦ እስኪደርቅ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ የፍሬው ዋና ሥራ ሕዋስ ማብዛት ነው። ያን ሰሞን ፍሬዋን በጥፍርሽ ብትጫኛት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይወጣታል፤ ሲቆይ ወተት ይሆናል፣ ከዚያም እየጠጠረ ይሄዳል። ሊጡን የሚያያይዙት የግሉተን ፕሮቲኖች ብቅ ማለት የሚጀምሩት ካበበ ከ8 እስከ 10 ቀን ገደማ ሲሆን፣ ወተት ከያዘበት ጊዜ አንስቶ በፍጥነት ይከማቻሉ። በመጀመሪያ በየሕዋሱ ውስጥ ትናንሽ እንክብሎች ሆነው ይቀመጣሉ። ፍሬው ሲደርቅ እንክብሎቹ ተጨፍልቀው ይዋሃዱና የፍሬው አብላጫ ክፍል በሆነው በስታርቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞሉታል።

ግሉተን የምንለው ግን አንድ ፕሮቲን አይደለም። ግሊያዲን አለ፣ ግሉተኒን አለ። ግሊያዲን ለየብቻው የሚቆም ስለሆነ ሊጡ እንዲሳብና እንዲለሰልስ ያደርጋል። ግሉተኒን ደግሞ በሰልፈር ድልድዮች እርስ በርሱ እየተያያዘ ረጅም ሰንሰለት ይሠራል። ሊጡ ሲሳብ መልሶ እንዲሰበሰብና እርሾው የሚያወጣውን አየር እንዲይዝ የሚያደርገው ይኸው ሰንሰለት ነው። ትልልቆቹ ሰንሰለቶች በአብዛኛው የሚጠናከሩት መጨረሻ ላይ፣ ፍሬው ውሃውን እያጣ ሲሄድ ነው። የላብራቶሪ ወረቀቱ ሁለቱን አይለይም፤ የሚለካው ናይትሮጅን ነው፣ እሱን በ5.7 አባዝቶ «ፕሮቲን» ብሎ ይጽፋል።

አሁን ወደ ማሳሽ ልምጣ። ለፍሬው ፕሮቲን የሚያስፈልገው ናይትሮጅን አብዛኛው ከማበቡ በፊት በቅጠልና በግንድ ተጠራቅሞ የቆየ ነው። ፍሬው ሲሞላ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ የሚሆነው የራሱን ፕሮቲን እያፈረሰ ወደ ዛላው ስለሚልክ ነው። ለስታርቹ የሚሆነው ስኳር ግን በአብዛኛው በዚያው ሰሞን በፀሐይ ብርሃን መሠራት አለበት። ኅዳር የተዘራው በጥርና በየካቲት፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ በሚልበት ጊዜ ሞላ። ዘግይቶ የተዘራው ግን መጋቢት ላይ ሙቀቱ መሐል ገባ። ሙቀት የመሙያ ጊዜውን ያሳጥረዋል፤ ከፕሮቲኑ ይልቅ አብዝቶ የሚጎዳውም ስታርቹን ነው።

ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እንየው። 40 ሚሊግራም የምትመዝን ፍሬ ፕሮቲኗ 12 በመቶ ቢሆን 4.8 ሚሊግራም ፕሮቲን አላት። ሙቀት ያኮሰሳት 30 ሚሊግራም ፍሬ 14 በመቶ ብትመዘገብ ያላት 4.2 ሚሊግራም ብቻ ነው። መቶኛው ጨመረ፣ በፍሬዋ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን ቀነሰ። ፕሮቲን ከፍ አለ ሲባል መጀመሪያ የ1,000 ፍሬ ክብደት ስንት ነው ብለሽ ጠይቂ የምለው ለዚህ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ በመሙያው ጊዜ ሙቀቱ ለጥቂት ቀናት እንኳ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ፣ ግሊያዲን ከግሉተኒን አንጻር ሊበዛ፣ ትልልቆቹ ሰንሰለቶችም በሚገባ ሳይያያዙ ሊቀሩ ይችላሉ። ሊጥሽ የላላው በዚህ ይመስለኛል። ሁሉም ዝርያ እኩል አይጎዳም፤ ሰንሰለቱ ከምን ዓይነት ግሉተኒን እንደሚሠራ የሚወስነው ዘሩ ስለሆነ፣ ለቆላ የሚመከረውን ዝርያ መምረጥ ዋጋ አለው።

ሰልፈርንም አትርሺ። ድልድዮቹ የሚሠሩት በሰልፈር ነው። ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) 7 በመቶ ሰልፈር አለው፤ ዩሪያ ግን 46 በመቶ ናይትሮጅን እንጂ ሰልፈር የለውም። ዩሪያ ብቻ እየተጨመረ ሰልፈር ሲያንስ ተክሉ ሰልፈር የማይፈልጉትን የግሊያዲን ዓይነቶች ያበዛል፤ የዚያ ስንዴ ሊጥ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ይላል፣ ሲሳብም ይበጠሳል። ያንቺ ስለሚላላ ዋናው ችግር ይህ አይመስለኝም።

በእጅሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ። ከሁለቱም ክምር ለየብቻ 25 ግራም ዱቄት በ15 ሚሊሊትር ገደማ ውሃ አቡኪና ግማሽ ሰዓት አሳርፊው። ከዚያ ትንሽ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ፣ ነጩ ውሃ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ በጣትሽ እያሸሽ እጠቢው። እጅሽ ላይ የሚቀረው ግሉተኑ ነው። ሳቢው። የኅዳሩ ተስቦ ወደ ራሱ ሲመለስ ይታይሻል፤ የዘገየው ብዙ ቢሆን እንኳ እጅ ላይ እየተጣበቀ ይዘረጋል፣ ተመልሶም አይሰበሰብም።

ለሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የዘር ቀኑን ወደ ኅዳር ቀደም አድርጉት። ሁለተኛውን ዩሪያ ዛላው ሳይወጣ በፊት ከመስኖው ጋር ስጡት፤ ካበበ በኋላ የሚጨመር ብዙም አይጠቅማችሁም። ፍሬው በሚሞላበት ሰሞን ውሃ አይቋረጥበት፤ እርጥብ ማሳ የዛላውን ሙቀት ትንሽ ያበርደዋል። ከደረቀ በኋላም ዝናብ ሳይመጣ ይታጨድ፤ ዛላው ላይ ማቆጥቆጥ የጀመረ ስንዴ የሠራውን ግሉተን ራሱ በኢንዛይም ማፍረስ ይጀምራል።

አሁን መጋዘን ያለውን ግን አትቀላቅሉት። የኅዳሩን ለብቻው ለዳቦ ቤት ሽጡ፤ የዘገየውን ደግሞ ግሉተኑ ጠንካራ የሆነ ስንዴ ላለው ፋብሪካ፣ እዚያ በልኩ ተደባልቆ እንዲፈጭ አቅርቡት። የእጥበቱ ውጤት ከነገርኩሽ የተለየ ከሆነ የተዘራበትንና ያበበበትን ቀን ጨምረሽ ጻፊልኝ፤ እንደገና እናየዋለን።