አንድ ጊቢ ውስጥ ብቻ ያለ ተክል ተረፈ አይባልም፦ ስለ ዕፅዋት ማዕከላት ጥያቄና መልስ

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ዘር በመልቀምና ችግኝ በማፍላት ነው። ስለ ዕፅዋት ማዕከላት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ካሰብኩት በላይ በዛ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄጄ ነበር። ዛፍ አለ፣ መንገድ አለ፣ ሰው ይዝናናል። ታዲያ ከመናፈሻ በምን ይለያል?

በደብተሩ። መናፈሻ ውስጥ ዛፉ ካማረ በቃ። የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ግን እያንዳንዱ ተክል ቁጥር አለው። ዘሩ ከየትኛው ጫካ መጣ? ከስንት እናት ዛፍ ተለቀመ? ማን ለቀመው፣ መቼ? ይህ ሁሉ ይመዘገባል።

በራሴ የደረሰውን ልንገርህ። አንድ ክረምት በእስክሪብቶ የጻፍኳቸውን ታጎች ዝናብ አጠባቸው። ሁለት መደብ ሙሉ ችግኝ ያለ መለያ ቀረ። ዝርያውን እናውቀዋለን፤ የመጣበት ቦታ ግን ጠፋ። አልጣልናቸውም፣ አጥር ሥር ተከልናቸው። ለጥበቃ ሥራ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደሌሉ ነው የሚቆጠሩት።

እሺ፣ አንድ ጥሩ ማዕከል ካለ ለምን ከሌላው ጋር መተባበር አስፈለገ?

ምክንያቱም ማዕከልም ይቃጠላል፣ በጀት ያጣል፣ ጎርፍ ይወስደዋል። ፍሎሪዳ ያለውን ፌርቻይልድ የዕፅዋት ማዕከል በ1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታው ብዙ ዛፍ በአንድ ሌሊት ተገነደሰ።

እኔ ግን ሁሌም የማነሳው የሩዋንዳዋን ውኃ አበባ ነው። በዓለም ላይ ትንሿ የውኃ አበባ ናት፤ ቅጠሏ ሳንቲም ሊያክል ይችላል። በ1987 ፕሮፌሰር ኤበርሃርድ ፊሸር የሚባሉ ጀርመናዊ በደቡብ ምዕራብ ሩዋንዳ አንድ ፍል ውኃ ዳር አገኟት። በኋላ ውኃው ለእርሻ ተጠለፈና ቦታው ደረቀ። በ2008 አንዲትም አልተገኘችም። ደግነቱ ጀርመን ቦን ያለው የዕፅዋት ማዕከል ቀድሞ ወስዶ ያሳድጋት ነበር። ቦን ለለንደኑ ኪው የዕፅዋት ማዕከል ዘር አካፈለ። ኪው ላይ ዘሩ ቢበቅልም ችግኙ እየሞተ አስቸገረ። ካርሎስ ማግዳሌና የተባለው አትክልተኛ በ2009 ምስጢሩን ደረሰበት፦ ሌሎች የውኃ አበቦች ውኃ ውስጥ ጠልቀው ያድጋሉ፤ ይቺ ግን የምታድገው እርጥብ ጭቃ ላይ፣ አየር እያገኘች ነው። ኪው ላይ በ2014 አንዷን ሌባ ወሰዳት፤ እንዲህም አለ! በ2023 ደግሞ እዚያው ሩዋንዳ ውስጥ በተፈጥሮ በቅላ ተገኘች። ቦን ዘሩን ባያካፍል ኖሮ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ዕጣዋ የተንጠለጠለው በአንድ ከተማ ላይ ነበር።

ዘር ባንክ እያለ መሬት ይዞ መትከል ለምን? ዘሩን አድርቆ ማቀዝቀዝ አይቀልም?

ለጤፍና ለገብስ ይቀላል። አዲስ አበባ ያለው የጂን ባንክ (የዘር ማከማቻው) ከ1976 ጀምሮ የሚሠራው ይህንን ነው። ለቡና ግን አይሆንም። የቡና ዘር ደርቆ በረዶ ውስጥ ከገባ ይሞታል። እንሰት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ከዘር ብታበቅለው እናቱን አይመስልም፤ ገበሬው የሚያባዛው ከአሚቾው፣ ማለትም መሬት ሥር ካለው ግንዱ፣ በሚያወጣው ቡቃያ ነው። ስለዚህ ቡናው ጅማ አካባቢ ጮጬ፣ እንሰቱ ወላይታ አረካ፣ መሬት ላይ ቆመው ነው የሚጠበቁት። ሕያው ስብስብ የሚባለው ይኸው ነው። አድካሚ ነው፣ አረም አለው፣ ዘበኛ ይፈልጋል። ሌላ መንገድ ግን የለም።

ስለ ቡና ካነሱ አይቀር፣ የብራዚል ቡና የእኛ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ሥሩ አዎ። መንገዱ ግን በዕፅዋት ማዕከላት በኩል ነው፤ ለርዕሳችን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ቡናችን ከጫካ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ እስያ ሄደ። በ1706 ከጃቫ አንድ ተክል አምስተርዳም የዕፅዋት ማዕከል ገባ። በ1714 የአምስተርዳም ከተማ ሹማምንት ከዚያ ተክል ዘር የበቀለ ችግኝ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ሰጡ፤ ፓሪስ ባለው የንጉሡ የዕፅዋት ጊቢ ተተከለ። ከእነዚህ ከአምስተርዳምና ከፓሪስ ተክሎች ነው ወደ ካሪቢያንና ወደ ደቡብ አሜሪካ የተሻገረው። ቦርቦን የሚባለው ዓይነት በሌላ መንገድ ከየመን ወጣ፤ እሱም ጥቂት ተክል ነው። አረቢካ የሚባለው ይኸው ቡናችን ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል አንድ ዛፍ ብቻውን ዘር ያፈራል። ስለዚህ አህጉር የሚያካክል እርሻ በጣት ከሚቆጠሩ እናቶች ወጣ። አንዱ ዛፍ አንድን በሽታ ካልቻለ ሌሎቹም አይችሉም ማለት ነው።

ማዕከላቱ ያኔም ተለዋውጠዋል። የተለዋወጡት ግን ያንኑ አንድ ቤተሰብ ነበር። በ1964 እና 1965 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ቡድን ኢትዮጵያ መጥቶ ከየጫካውና ከየጓሮው ብዙ ናሙና ሰበሰበ፤ ለተለያዩ አገሮችም ተከፋፈለ። ኮስታሪካ ቱሪያልባ ላይ ዛሬም ቆሞ ታገኘዋለህ። እኛ ዘንድም በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ ሲገባ፣ የጅማ ተመራማሪዎች የሚቋቋሙትን ዛፎች ያገኙት እዚሁ ጫካችን ውስጥ ካለው ልዩነት ነው።

ጋሼ፣ ታዲያ ከአንድ ዝርያ ስንት ተክል ይበቃል? ሁለት? አሥር?

ልጄ፣ ከቁጥሩ በፊት እናታቸውን ጠይቅ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1895 አንድ የሳይካድ ተክል ተገኘ፤ ዘንባባ የሚመስል፣ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚበቅሉ ተክል ነው። የተገኘው ወንድ ነው። እስካሁን ሴት አልተገኘችለትም። ዛሬ በብዙ አገር ማዕከላት አለ፤ ግን ሁሉም የዚያው የአንዱ ተክል ቅጂ ናቸው። በቁጥር ብዙ፣ በዘር አንድ። ዘር የማይሰጥ ወንደላጤ በለው።

አውስትራሊያውያን ከዚህ ተምረዋል። ወለማይ የሚባለው ጥድ በ1994 ነው የተገኘው፤ በጫካ ያሉት የደረሱ ዛፎች ከመቶ ያነሱ ናቸው። የ2019–20ው ሰደድ እሳት ሲመጣ እሳት አጥፊዎች በሄሊኮፕተር ጭምር ገብተው አተረፏቸው። በ2023 ደግሞ እያንዳንዳቸው የታወቀ እናት ያላቸው ችግኞች ለአውሮፓ ማዕከላት ታደሉ። ማን የትኛውን እንደያዘ በጋራ ይመዘገባል። ሁሉም አንድ ላይ ሲታዩ እንደ አንድ ስብስብ ናቸው ማለት ነው። እያንዳንዱ ጊቢ ሁሉንም መያዝ አይጠበቅበትም።

መተባበር ትላላችሁ፤ ተክላችንን ወስደው ቢያስመዘግቡትስ? የጤፉን ነገር ረሱት?

አልረሳሁም፤ ስጋቱም ትክክል ነው። የጤፍ ዱቄት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) በአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ እጅ ገብቶ ነበር። ኋላ ላይ የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ ኔዘርላንድ ውስጥ እንዳይጸና ወሰነ። ለዚህ ነው ውል የሚያስፈልገው። እኛ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው)፤ የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ አይወጣም ይላል። ከጄኔቲክ ሀብት የሚገኘው ጥቅም ለባለቤቱ አገር እንዲካፈል የሚለው ዓለም አቀፉ የናጎያ ስምምነትም አለ። ማዕከላት ዘር ሲለዋወጡ ለንግድ እንደማይሆን፣ ጥቅም ቢገኝ ለባለቤቱ እንደሚመለስ ይፈርማሉ። ፊርማ ብቻውን ሌባ አያቆምም፤ ግን ተክሉ ከየት እንደመጣ የተጻፈ ከሆነ ክርክር ላይ የምንይዘው ነገር አለን።

ከሜሪላንድ ነኝ። ከአገር ቤት የኮሰረትና የጌሾ ዘር ይዤ መጥቼ ለዕፅዋት ማዕከል መስጠት እችላለሁ?

በሻንጣ አይሁንብሽ፣ እህቴ። የአገር ቤት የመውጫ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ያስፈልጋል፤ እዚያም ስትገቢ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ማዕከሉም ወረቀት የሌለውን አይቀበልሽም።

የቤተ ክርስቲያን ደኖች እንደ ዕፅዋት ማዕከል ሊቆጠሩ ይችላሉ?

ደብተር የላቸውም እንጂ ስብስቡ አላቸው። ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ ዝግባውና ወይራው የቀረው በቅጥሩ ውስጥ ብቻ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ችግሩ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ከሥራቸው ቡቃያ የለም፤ ከብት ይበላዋል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር ሆነው የድንጋይ አጥር እንዲታጠር አድርገዋል። ለእኔ ይህም መተባበር ነው።

የዓለም ማዕከላት ስንቱን ዝርያ ይዘዋል?

በ2017 የወጣ ጥናት እንዳለው ከሚታወቁት የዕፅዋት ዝርያዎች ሢሶ ያህሉን። የሞቃታማ አገሮች ተክል ግን በጣም ያንሳል፤ ማዕከላቱ የበዙት ብርድ አገር ነዋ።

ጊቢዬ ትንሽ ናት። አገር በቀል አንድ ዛፍ ልትከል፤ ምን ይሻለኛል?

ብርብራ ወይም ኮርች። ሁለቱም የእኛው አገር ብቻ ናቸው። ኮርቹ ቀይ አበባ አለው፤ ወፍ ይወደዋል። ችግኙን ስትገዛ ዘሩ ከየት እንደተለቀመ ጠይቅ። ታግ ላይ ጻፈው፤ በእርሳስ ግን።