ሰፍቶ ለወጣ ሹራብ፣ ለጠበበ አንገትና ለዋጋው፦ ዐይኑን ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሦስት ነገር ይዟል። ለ4 ዓመት ልጅ በእጅሽ የሠራሽው ሹራብ ሰፍቶ ወጣ፤ አንገቱ ጭንቅላቱን አላሳልፍ አለ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ለመሸጥ ስታስቢ ደግሞ ዋጋው ግራ ገባሽ። የሦስቱም መልስ ዐይን ቆጠራ ላይ ነው ያለው። ዐይን የምለው መርፌው ላይ ያለችውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት ነው።

ስፋቱን እንይ። ሰው የጻፈውን የዐይን ቁጥር እንዳለ ወስደሽ ከጀመርሽ፣ ቁጥሩ የሚሠራልሽ ክሩን የምታጠብቂው ልክ እንደ ጸሐፊው ከሆነ ብቻ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ደረት ዙሪያው 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲመቸው ሹራቡ 66 ገደማ ይሁን። በ4 ሚሊ ሜትር መርፌና በመካከለኛ ውፍረት ክር፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 22 ዐይን የሚወጣላት ሰው ለጀርባው 74 ዐይን ትጀምራለች፤ 2ቱ ስፌት ውስጥ ይገባሉ፣ 72ቱ ወደ 33 ሴንቲ ሜትር ይሰጧታል። እጅሽ ላላ ብሎ 20 ዐይን ብቻ ከወጣልሽ ግን ያው 72 ዐይን 36 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ፊትና ጀርባ ሲደመር 72 ሴንቲ ሜትር! በአንድ እጅ መላላት ብቻ 6 ሴንቲ ሜትር ተረፈሽ ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት ናሙና ሥሪ። 30 ዐይን ጀምረሽ 40 ረድፍ ሂጂ፣ ለብ ባለ ውሃ እጠቢው፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተሽ አድርቂው፣ ከዚያ መሃሉን 10 ሴንቲ ሜትር ለክተሽ ዐይኑንም ረድፉንም ቁጠሪ። ጠርዙ ስለሚጠቀለል ከጠርዝ አትለኪ። ዐይኑ ካነሰ መርፌውን በግማሽ ሚሊ ሜትር አቅጥኚ፣ ከበዛ አወፍሪ። እጅን አስገድዶ ማጥበቅ አያዋጣም፤ ሲደክምሽ ይመለሳል፣ ያኔ የሹራቡ ታችና ላይ ይለያያል። የታችኛውንና የእጅጌውን ላስቲክ፣ ማለትም 2 ቀጥታ 2 ግልብጥ የሚሠራውን ጠርዝ፣ በ3.5 መርፌ ሥሪው። በዚያው በ4 ከሠራሽው ይረግባል፣ ሹራቡም እንደ ጃንጥላ ይከፈታል። ደግሞ እርጥብ ሹራብ ገመድ ላይ አይሰቀልም፤ የራሱ ክብደት ይጎትተዋል። የአክሪሊክ ክር ከሆነ ትኩስ ካውያ ፈጽሞ አታስነኪው፤ አንዴ ከሟሸሸ ተመልሶ አይነሳም።

አንገቱ ላይ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው መዝጊያ ረድፍ ነው። በዚህ ዕድሜ የጭንቅላት ዙሪያ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንገቱ ሲጎተት 52 መድረስ አለበት። ከፊት በኩል ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ተዪ፣ ዙሪያውን 80 ዐይን ገደማ አንሺ፣ ላስቲኩን 7 ወይም 8 ረድፍ ሥሪ። ለመዝጋት መርፌሽን ወደ 5 ቀይሪና እንዲህ አድርጊ፦ ሁለት ዐይን በኋላ በኩል አንድ ላይ ሥሪ፣ የወጣችውን አንዷን ወደ ግራው መርፌ መልሺ፣ ከሚቀጥለው ጋር እንደገና አንድ ላይ ሥሪ፣ እንዲህ እያልሽ ጨርሺ። ይህ አዘጋግ ይለጠጣል። ያሁኑን ሹራብም መፍታት የለብሽም፤ የመዝጊያውን ረድፍ ብቻ ፈትተሽ በዚህ መንገድ ዝጊው።

አሁን ዋጋው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፣ በደንብ ልዘርዝረው። የዚያን ሹራብ ዐይን ቁጠሪ፦ ጀርባው 72 ዐይን በ106 ረድፍ ወደ 7,600 ነው። ፊቱ ትንሽ ያንሳል፣ ሁለቱ እጅጌ ወደ 7,000፣ አንገቱ 600 ገደማ። በድምሩ 22,500 ዐይን። የለመደ እጅ በደቂቃ 20 ዐይን ቢሠራ ወደ 19 ሰዓት፣ መስፋቱና ክር መደበቁ ሲጨመር 22 ሰዓት ይሆናል። ሰዓትሽን በ40 ብር እንኳ ብትተምኚው ድካምሽ ብቻ 880 ብር ነው፤ ከ200 እስከ 250 ግራም ክሩ ገና አልተቆጠረም። “ክሩን ይመልስልኝና ትንሽ ይትረፈኝ” ብሎ መሸጥ 22 ሰዓት በነጻ መስጠት ነው። በዚህ ሒሳብ ከሰልባጅና ከማሽን ሹራብ ጋር በዋጋ መፎካከር አይቻልም፤ አትሞክሪውም።

የሚቻለው ዐይኑን መቀነስ ነው። ወፍራም ክር በ5.5 መርፌ ስትሠሪ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 16 ዐይንና 22 ረድፍ፣ ማለትም 352 ዐይን ይገባል። በፊተኛው መካከለኛ ክር 22 ዐይን በ28 ረድፍ፣ 616 ነበር። ሥራው ከ40 በመቶ በላይ ቀነሰ፣ ለደብረ ብርሃን ብርድም የሚፈለገው ወፍራሙ ነው። በዚሁ ክር የትልቅ ሰው ኮፍያ በ80 ዐይን ተጀምሮ አናቱ እስኪጠብ 3,500 ዐይን ገደማ ነው፤ በ3 ሰዓት ያልቃል፣ ክሩም 80 ግራም አካባቢ። ለገበያ በኮፍያና በአንገት ልብስ ጀምሪ፣ ሹራብ በትእዛዝና በቀብድ ብቻ ሥሪ። ክሩን በአንድ ጊዜ ግዢ፤ መጠቅለያው ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር ካልተመሳሰለ ልዩነቱ ሱቅ ውስጥ አይታይም፣ ፀሐይ ላይ ግን ደረቱ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። የግድ ከሆነ ሁለቱን ጥቅል በየ2 ረድፉ እያፈራረቅሽ ሥሪ።

የአካባቢሽን የበግ ፀጉር ለመጠቀም ካሰብሽ፣ ባና፣ ማለትም ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሠራበት የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ነው፤ ለልጅ አንገት አይሆንም፣ ለውጭ ልብስ፣ ለቦርሳና ለወንበር ልብስ ግን ይሆናል። በእጅ የተፈተለውን ነጠላ ክር እንዳለ ከሠራሽበት ጨርቁ ወደ አንድ ጎን ይጋደላል፣ ክሩ የተጠመዘዘበትን ለመፍታት ስለሚታገል። ሁለቱን ክር አንድ ላይ፣ ከተፈተሉበት በተቃራኒ አዙረሽ ግመጃቸው፤ ይረጋል። በሙቅ ውሃና በሳሙና አትሺው፤ ይጠብቅና ይኮማተራል።

ገዢ “ይህስ የትም የለም” ብሎ የሚከፍልበትን ከፈለግሽ ደግሞ የሀገር ልብሳችን ጥለት አለልሽ። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው፤ በታችኛው ጠርዝና በእጅጌው ጫፍ ሲገባ በጣም ያምራል። ግን በካሬ ወረቀት ላይ እንዳለ ስለሽ አትሥሪው፤ ዐይን ከቁመቱ ስፋቱ ይበልጣል። 11 በ11 የሆነ አልማዝ ቅርጽ ስፋቱ 5፣ ቁመቱ ግን 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይወጣና የተጨፈለቀ ይመስላል። ለ11 ዐይን ከ13 እስከ 15 ረድፍ ስጪው። ተራው እስኪደርስ ከጀርባ የሚያልፈው የሌላው ቀለም ክር ከ5 ዐይን በላይ ሳይያዝ አይሂድ፤ የልጅ ጣት ይገባበታል። ሲያልፍም አትጎትቺው፣ ፊቱ ይሸበሸባል። ጥለቱ ያለበት ክፍል በባሕርዩ ስለሚጠብቅ እዚያ ስትደርሺ መርፌውን በግማሽ ሚሊ ሜትር አወፍሪው፣ ጥለቱ ሲያልቅ ወደ ነበርሽበት ተመለሺ።