ከሂንዱ ጎረቤቶቻችን ጋር ቤተ አምልኳቸውን መጎብኘታችን ኃጢአት ይሆንብናል?

ጥያቄ፦ መምህር፥ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ባለቤቴ የሚማረው ሕንድ ሀገር ባንጋሎር ስለሆነ ከሁለት ልጆቻችን ጋር የምንኖረው እዚያው ነው። በነሐሴ የሂንዱ ጎረቤቶቻችን የላልባግን የአበባ ዐውደ ርእይ አብረን እንድናይ ጋበዙን። በአትክልት ቦታው ደስ የሚል ቀን አሳልፈን ስንመለስ ትልቁ የበሬ ሐውልት ወዳለበት ቤተ አምልኮ ወሰዱን። ጫማችንን አውልቀን ገባን። የቤቱ አገልጋይ የስምንት ዓመት ልጄን ግንባሩ ላይ ቀይ ምልክት አደረገበት፤ ጣፋጭም ሰጠው፥ በላው። ማታ «እማዬ፥ እንደ ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው፤ ደወል አለ፥ ዕጣን አለ» ሲለኝ ደነገጥሁ። ባለቤቴ ግን «ጉብኝት ነው፥ ምን አለበት?» ይላል። ኃጢአት ሠርተን ይሆን? ሌላ ጊዜ ቢጋብዙንስ?

መልስ፦ እኅታችን፥ ሰላመ እግዚአብሔር ለቤተሰባችሁ ይብዛ። መደንገጥሽ ደግ ነው። ከጥያቄሽ ሁሉ የሚከብደው ልጅሽ የተናገረው ነውና ሰፋ አድርጌ የምመልሰው እሱን ነው።

ስለ አትክልት ቦታው ብዙ የሚያነጋግር ነገር የለም። ላልባግን እ.ኤ.አ. በ1760 ያስጀመረው የማይሶር ገዥ የነበረው ሃይደር አሊ ነው፤ ልጁ ቲፑ ሱልጣን ከሌላ ሀገር ዕፀዋት እያስመጣ አስፋፋው፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው የካርናታካ ግዛት መንግሥት ነው። ዐውደ ርእዩም የሕንድ የነጻነት ቀን በሚውልበት በነሐሴ 9 ሰሞን በመስተዋቱ ቤት የሚዘጋጅ የአበባ ትርኢት እንጂ የአምልኮ በዓል አይደለም። በኤደን ገነትን የተከለ እግዚአብሔር ራሱ ነው (ዘፍ 2፥8)። ልጆቻችሁ የእጁን ሥራ አይተው ቢደሰቱ ደስ ይበላችሁ።

ቤተ አምልኮው ግን ሌላ ነው። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለው፥ ቁመቱ አራት ሜትር ተኩል የሚያህለው በሬ፥ ሂንዱዎች አምላካችን የሚሉት ሺቫ የሚቀመጥበት ነው ተብሎ ይከበራል። ባንጋሎርን የቆረቆረው ኬምፔ ጎውዳ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራው ስለሆነ ባለቤትሽ እንደ ቅርስ ቢያየው አልፈርድበትም። በዚያው ግዛት፥ በሃምፒ፥ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1565 ከጠፋች በኋላ አምልኮ የተቋረጠበት የቪታላ ቤተ አምልኮ ሕንፃ አለ፤ እዚያ የሚሄድ ሰው የጠራቢዎቹን ጥበብ አድንቆ ይመለሳል። በበሬው ቤት ግን ዛሬም ይሰገዳል፥ መባ ይቀርባል። «ጉብኝት ነው» የሚለው ቃል ለሃምፒ ይበቃል፤ ለዚህኛው አይበቃም።

ቅዱስ ጳውሎስ አቴና በጣዖት ተሞልታ ባየ ጊዜ መንፈሱ ተቆጣበት፤ ሆኖም የሚያመልኩትን እየተመለከተ አልፎ በመሠዊያቸው ላይ የተጻፈውን እንኳ አንብቦአል (ሐዋ 17፥16-23)። በኤፌሶን ደግሞ የከተማው ጸሐፊ ስለ ጳውሎስ ባልንጀሮች ሲናገር አምላካችንን አልሰደቡም ብሎ መስክሮላቸዋል (ሐዋ 19፥37)። ስለዚህ ማየት ብቻውን ማምለክ አይደለም፤ የሰውን እምነት መስደብም ከሐዋርያት አልተማርነውም። ሐዋርያው አጥብቆ የከለከለው ከማዕዱ መካፈልን ነው፤ ከጌታ ማዕድና ከአጋንንት ማዕድ በአንድነት መካፈል አይቻልም ይላል (1ቆሮ 10፥20-21)።

አሁን ወደ ልጅሽ ልምጣ። ያየው እውነት ነው፤ ደወሉም፥ ዕጣኑም፥ ጫማ ማውለቁም እኛ ጋ አለ። ጣፋጩስ? ፕራሳድ ይባላል፤ ለምስሉ ቀርቦ ከዚያ ለሕዝቡ የሚታደል ነው። እኛ ጸበል ጻዲቅ ስንቀምስ የተዘከረበትን ቅዱስ ስም እንደምንጠራ፥ እነርሱም ፕራሳድ ሲሰጡ ተራ ጣፋጭ ሰጠን አይሉም። ለማን እንደ ቀረበ እያወቅን ከምስሉ ፊት የመጣ ምግብ መብላት አይገባንም (1ቆሮ 10፥28)። ግንባሩም ሲጠመቅ በቅብዐ ሜሮን የታተመ ግንባር ነው፤ ሌላ ምልክት አይቀበልም።

ይህን ስትነግሪው አትቆጪው። ሳያውቅ ያደረገው ነው፤ መልሱን ማዘጋጀት የነበረባችሁ እናንተ ወላጆቹ ናችሁ። «ልጄ፥ ደወሉና ዕጣኑ ይመሳሰላል፤ አንተ ግን ለማን ነው ብለህ ጠይቅ። እኛ የምንሰግደው ለፈጠረንና ስለ እኛ ለተሰቀለው ጌታ ነው፤ በሬውን ግን የፈለፈሉት ሰዎች ናቸው» በይው። ጎረቤቶቻችሁ የሚወዱት ደጋግ ሰዎች ስለሆኑ በእነርሱ እንዳይስቅባቸው ጨምረሽ ምከሪው።

አንቺና ባለቤትሽ ግን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ጉዞው የዋለው በፍልሰታ ነው፤ ፕራሳድ ደግሞ ብዙ ጊዜ በወተትና በቅቤ ይሠራል። ፍልሰታ ልጆቻችን ከሁሉ ይልቅ የሚጾሙትና የሚቆርቡበት ሱባኤ ስለሆነ ይህን ቀላል አላደርገውም።

ሌላ ጊዜ ሲጋብዟችሁ እሺ በሉ። ግን ከቤት ሳትወጡ «ከአትክልቱ አብረን እንውላለን፤ ከቤተ አምልኮው ስትገቡ እኛ ከልጆቹ ጋር ውጭ እንጠብቃችኋለን፤ ሃይማኖታችን ነው» በሏቸው። ደጅ ደርሶ እምቢ ማለት ጋባዡን ያሳፍራል፤ አስቀድሞ የተነገረ ግን ብዙ ጊዜ አያስከፋም። እንደ ሀገሩ ልማድ መዳፍን ገጥሞ ሰውን ሰላም ማለት ነውር የለበትም፤ በምስል ፊት ግን አታድርጉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቻችሁ ሕንድን በጣዖት ቤት ብቻ እንዳያውቋት። ሐዋርያው ቶማስ እ.ኤ.አ. በ52 ወንጌልን አድርሶላቸዋል ተብሎ የሚታመንላቸው የሕንድ (የማላንካራ) ኦርቶዶክሳውያን እኅት ቤተ ክርስቲያናችን ናቸው፤ በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የኦርየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም አብረውን ተቀምጠዋል። ባንጋሎር ውስጥ አጥቢያዎች አሏቸውና እሑድ ውሰዷቸው። የእመቤታችንን ጾም ከእኛ ቀድመው ጀምረው ነሐሴ 9 ስለሚፈቱ፥ በዚያ ሰሞን ከሄዳችሁ የእኛው እስከ ነሐሴ 16 እንደማይፈታ ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።